አቬሬጅ ቬሎሲቲ ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ። አቬሬጅ ቬሎሲቲው ስንት ነበር? ዜሮ። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነው።

አቬሬጅ ቬሎሲቲ ማለት ዲስፕሌስመንት (ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ከነአቅጣጫው) ለፈጀው ጊዜ ሲካፈል ነው። ትልቁ ስህተት እዚሁ ጋ ነው፤ በዲስፕሌስመንት ቦታ የተሮጠውን ርቀት ማስገባት። በ400 ሜትር መም ላይ 10,000 ሜትር ልክ 25 ዙር ነው። ሯጩ የሚጨርሰው የተነሳበት መስመር ላይ ስለሆነ ዲስፕሌስመንቱ ዜሮ ነው። ዜሮን ለ1577.53 ሰከንድ ብታካፍሉት ያው ዜሮ ነው። አቬሬጅ ስፒዱን ከፈለጋችሁ ግን 10,000ን ለዚያው ሰዓት አካፍሉ፤ በሰከንድ 6.34 ሜትር ይመጣል።

ታዲያ «መም ላይ ሁሌ ዜሮ ነው» ብሎ መሸምደድም ጉድ ይሠራል። 5,000 ሜትር አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። መነሻው ከመድረሻው መስመር ማዶ፣ በሰያፍ ነው ያለው። በመደበኛ መም አንዱ ቀጥታ 84.39 ሜትር ይረዝማል፤ በሁለቱ ቀጥታዎች መካከል ያለው ስፋት ደግሞ 73 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ፓይታጎረስን ስትጠቀሙ ከመነሻው እስከ መድረሻው 112 ሜትር ያህል ታገኛላችሁ። ሁለቱን ደምሮ 158 ማለት ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ቀነኒሳ በ2004 ሄንግሎ ላይ ይህን ርቀት በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ጨርሷል። ስፒዱ በሰከንድ 6.60 ሜትር፣ ቬሎሲቲው 0.15 ሜትር። የኤሊ ቁጥር ይመስላል፤ ግን ቬሎሲቲ የሚጠይቀው የት ተነስተህ የት ደረስክ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር ፍጥነቶቹን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ነው እንበል፤ መንገዱንም ቀጥ ያለ መስመር እናድርገው። መኪናው በአንድ ሰዓት ጉዞ አዳማ ገባ። ለምሳ ግማሽ ሰዓት ቆመ። ከዚያ በመጣበት መንገድ ወደ ሞጆ ዞሮ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዳ ለግማሽ ሰዓት ተጓዘ፤ 25 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ብዙ ሰው 100 ሲደመር 50 ለሁለት ብሎ 75 ይጽፋል። አቅጣጫ የሚያስታውሰው ደግሞ 100 ሲቀነስ 50 ለሁለት ብሎ 25 ይላል። እሱም አልሆነም፤ መኪናው በሁለቱ ፍጥነቶች የሄደበት ጊዜ እኩል አይደለማ! ትክክለኛው፦ 100 ሲቀነስ 25፣ ዲስፕሌስመንቱ 75 ኪሎ ሜትር። ጊዜው ምሳውን ጨምሮ 2 ሰዓት። ስለዚህ ወደ አዳማ አቅጣጫ በሰዓት 37.5 ኪሎ ሜትር። ምሳውን የረሳ 50 ያገኛል። መኪናው ቢቆምም ሰዓቱ አልቆመም።

«የመነሻና የመጨረሻ ፍጥነት ድምር ለሁለት» የምትለዋ ፎርሙላስ? እሷ ሙሉ ዋስትና የምትሰጠው አክስለሬሽኑ (ቬሎሲቲ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ካልተለወጠ ነው። ታክሲ ከቆመበት ተነስቶ በ10 ሰከንድ ፍጥነቱን ወደ 20 ሜትር በሰከንድ በእኩል ቢያሳድግና ለ30 ሰከንድ በዚያው ቢቀጥል፣ ፎርሙላዋ 10 ትላለች። በደንብ ሲሰላ መጀመሪያ 100 ሜትር፣ ቀጥሎ 600 ሜትር፤ 700 ለ40 ሰከንድ ሲካፈል 17.5 ነው። ለእኔ ከሁሉም ሸዋጅዋ ይህች ፎርሙላ ናት፤ ለአንዳንድ ጥያቄ በትክክል ስለምትሠራ ሰው ያምናታል።

አቅጣጫ ተቀየረ ማለት ግን ፎርሙላዋ አትሠራም ማለት አይደለም። ወደ ላይ በ20 ሜትር በሰከንድ የተወረወረ ኳስ፣ የአየርን ግጭት ከተውነው፣ ወደ እጅ ሲመለስ ፍጥነቱ ኔጌቲቭ 20 ነው። ድምሩ ዜሮ፣ አቬሬጁም ዜሮ። ኔጌቲቯን የረሳ ግን 20 ብሎ ይጽፋል፤ ከእጅ ተነስቶ እጅ ላይ ለተመለሰ ኳስ!

ግራፍ ላይም ያው ነው። በቬሎሲቲና በጊዜ ግራፍ ዲስፕሌስመንቱን የሚሰጠው በግራፉና በዜሮው መስመር መካከል ያለው ስፋት ነው፤ ከዜሮው መስመር በታች ያለው ስፋት ይቀነሳል እንጂ አይደመርም።

የቀረው የጥድፊያ ስህተት ነው፦ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃን ካልኩሌተር ላይ 1.3 ብሎ ማስገባት። 1.5 ነው።