የኢምፖርት ላይብረሪን ከትክክለኛው ዲኤልኤል ጋር ማዛመድ

በደብረ ብርሃን ለሚገኝ አንድ የእህል መጋዘን የዲጂታል ሚዛን ንባብ የሚመዘግብ የዊንዶውስ ፕሮግራም እየሠሩ ነው እንበል። ከሚዛኑ ጋር በፍላሽ የተሰጠዎት ፎልደር ሦስት የሊብ (ፕሮግራሙ ሲገነባ የሚያስፈልጉ) እና አምስት የዲኤልኤል (ፕሮግራሙ ሲሄድ የሚጠራቸውን ፈንክሽኖች የያዙ) ፋይሎች ይዟል፤ የትኛው የየትኛው እንደሆነ የሚገልጽ ሰነድ ግን የለም።

የፋይል ስም አይቶ ማዛመድ አያስተማምንም። ኢምፖርት ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራምን ከዲኤልኤል ጋር የሚያገናኝ የሊብ ፋይል፣ የፈንክሽኖቹን ኮድ አይዝም፤ የሚይዘው ስማቸውንና የሚገኙበትን የዲኤልኤል ስም ነው። ሊንከሩ (የፕሮግራሙን ክፍሎች አንድ ላይ የሚያያይዘው መሣሪያ) የዲኤልኤሉን ስም በፕሮግራሙ ውስጥ ስለሚጽፈው፣ የሊብ ፋይሉን መጠሪያ ቢቀይሩትም ዊንዶውስ የሚፈልገው ውስጡ የተጻፈውን ዲኤልኤል ነው።

በቅድሚያ ፋይሉ በእርግጥ ኢምፖርት ላይብረሪ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ኮዱን ራሱ የያዘው ስታቲክ ላይብረሪም በዚያው ቅጥያ ይቀመጣልና። በቪዥዋል ስቱዲዮ የትእዛዝ መስኮት «ሊብ /ሊስት» ሲሰጡ የአንድ ዲኤልኤል ስም እየተደጋገመ ከወጣ ኢምፖርት ነው፤ የኦብጀክት ፋይሎች (ኮምፓይል የተደረገ ኮድ የያዙ) ስም ብቻ ከተዘረዘረ ግን ስታቲክ ስለሆነ ዲኤልኤል አይፈልጉለት። ሚንጂደብልዩ የተባለውን የፕሮግራም መሥሪያ ስብስብ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ «ዲኤልኤልቱል» በ«አይደንቲፋይ» አማራጩ ስሙን በቀጥታ ያወጣል።

ቀጥሎ የፋይልን ውስጣዊ ይዘት የሚያሳየውን «ደምፕቢን /ሄደርስ» በሊብ ፋይሉ ላይ ያስኪዱ። ከዲኤልኤሉ ስም ጎን የማሽኑ ዓይነት ይታያል፤ 8664 ባለ 64 ቢት፣ 14ሲ ደግሞ ባለ 32 ቢት ነው። የሊቡ፣ የዲኤልኤሉና የፕሮግራምዎ የማሽን ዓይነት አንድ መሆን አለበት።

ስምና ማሽን ቢገጥሙም ቅጂው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ «ደምፕቢን /ኤክስፖርትስ» በሁለቱም ላይ አስኪደው ዝርዝሮቹን ያስተያዩ። በሊቡ ያለ ስም በዲኤልኤሉ ከጠፋ ሊንክ ማድረጉ ያለ ስሕተት ያልፋል፤ ፕሮግራሙ ግን ገና ሲነሣ ይቆማል፤ ይህ እንኳ ደኅና ነው፣ ራሱን ይናገራልና። ይበልጥ የሚያሠጋው ፈንክሽኑ በስም ሳይሆን በተራ ቁጥር የሚጠራበት ጊዜ ነው። ቁጥሮቹ በአዲሱ ቅጂ ተዛውረው ከሆነ ክብደት የሚያነበው ጥሪ ሚዛኑን ወደ ዜሮ የሚመልሰውን ፈንክሽን ሊያስነሣ ይችላል፤ ዊንዶውስም አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በተራ ቁጥር መጠራቱን ቀደም ብሎ የታየው የ«ሄደርስ» ውጤት ያሳያል።

ተዛማጅ ሊብ ጨርሶ ከሌለ «ጄንዴፍ» የተባለው መሣሪያ ከዲኤልኤሉ የዴፍ ፋይል (የፈንክሽኖቹን ስም ዝርዝር) ያወጣል፤ «ዲኤልኤልቱል» ወይም «ሊብ /ዴፍ» ከዚያ አዲስ ኢምፖርት ላይብረሪ ይሠራል። ባለ 32 ቢት ከሆነ የፈንክሽኖቹ ስም ላይ የሚጨመሩት ምልክቶች ሊጎድሉ ስለሚችሉ ዴፉን የፈንክሽኖቹን አጠራር ከሚገልጸው ሄደር ፋይል ጋር አስተያይተው በእጅ ያስተካክሉ።