ድራይቨሩ እኔ ጋ ይሠራል፣ እዚያ ማሽን ላይ ግን እምቢ ይላል

የሊኑክስ ድራይቨር (መሣሪያን የሚያሠራ ኮድ) ስትጽፉ ቅንብሩ ወደ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) የሚገባበት በር ትመርጣላችሁ። ምርጫው ከተሳሳተ ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው።

ምልክት፦ ባለ 64 ቢቱ ፕሮግራም ሰላም ነው። ያንኑ ኮድ በ32 ቢት ስትገነቡት አዮክትል (ለድራይቨር ትእዛዝ የሚላክበት ጥሪ) «ኢኖቲቲ» የሚል ስህተት ይመልሳል። ስሙ የድሮ ዩኒክስ ቅርስ ነው፣ «ይሄ ታይፕራይተር አይደለም» እንደማለት። እኔ ግማሽ ቀን ገመድ ስነቅል ስሰካ ውያለሁ።

ምክንያት፦ የአዮክትሉ ትእዛዝ ቁጥር የስትራክቱን (አብሮት የሚላከው የውሂብ ጥቅል) መጠን በውስጡ ይዟል። ስትራክቱ ውስጥ «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት ወይም ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ካለ በ32 ቢት 4 ባይት፣ በ64 ቢት 8 ባይት ነው። መጠኑ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፤ ድራይቨሩ ትእዛዙን አያውቀውም።

መፍትሄ፦ ስፋታቸው የታወቀ ዓይነቶችን ብቻ ተጠቀሙ። ፖይንተርም ቢሆን እንደ ባለ 64 ቢት ቁጥር ይለፍ። በመስኮች መካከል የሚቀረውን ክፍተት ራሳችሁ በስም ሙሉት፣ ዜሮም አድርጉት። ካልሆነ ከርነሉ ውስጥ የነበረ የሜሞሪ ትራፊ ወደ ተጠቃሚው ይፈሳል። ለ32 ቢት ጥሪ የተለየውን የኮምፓት መግቢያም አትርሱ።

ምልክት፦ መሣሪያው አንዳንዴ በግማሽ ቅንብር ይነሳል።

ምክንያት፦ ሲስኤፍኤስ (የከርነል ቅንብር እንደ ፋይል የሚነበብበትና የሚጻፍበት) ላይ ደንቡ አንድ ፋይል፣ አንድ ዋጋ ነው። ሦስት ዋጋ ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ በመሃል መሣሪያው ሥራ ሊጀምር ይችላል። ሦስቱን በኮማ አንድ ፋይል ውስጥ መጠቅጠቅም መላ አይደለም።

መፍትሄ፦ ለብቻው የሚቆም ዋጋ በሲስኤፍኤስ ይሂድ። አብረው መለወጥ ያለባቸው በአንድ አዮክትል፣ ኔትወርክ ከሆነ በኔትሊንክ (ለከርነሉ በመልእክት የሚነገርበት ሶኬት)። ማውጫ በመፍጠር የሚቀናበረው ኮንፊግኤፍኤስም ጥሩ ነው። ዩኤስቢ ጋጄትን (ማሽናችሁ ራሱ ለሌላ ኮምፒውተር የዩኤስቢ መሣሪያ ሲሆን) እዩት፦ በኤምኬዲአይአር ትእዛዝ ማውጫ ትፈጥራላችሁ፣ የአምራቹንና የምርቱን ቁጥር ትሞላላችሁ፣ መጨረሻ ላይ የመቆጣጠሪያውን ስም ትጽፋላችሁ። ወዲያኛው ኮምፒውተር መሣሪያውን የሚያየው ያኔ ነው።

ምልክት፦ ሴኪዩር ቡት (የታመነ ፊርማ ያለውን ብቻ የሚያስነሳ ጥበቃ) የበራበት ማሽን ላይ ሩት (የበላይ ተጠቃሚ) ሆናችሁም መጻፍ ትከለከላላችሁ።

ምክንያት፦ ቅንብሩን ዲባግኤፍኤስ ላይ ነው ያስቀመጣችሁት። ከከርነል 5.4 ጀምሮ፣ ከርነሉ ሎክዳውን (ብዙ ጊዜ ከሴኪዩር ቡት ጋር የሚበራ፣ ሩትንም የሚገድብ ሁነታ) ሲገባ እዚያ መጻፍ አይፈቅድም። ዲባግኤፍኤስ ለእናንተ መፈተሻ ነው፣ የደንበኛ በር አይደለም። አውጡት።

ምልክት፦ ለንባብ ብቻ ፋይሉን የከፈተ ሰው መሣሪያውን አጠፋው።

ምክንያት፦ ከርነሉ በአዮክትል ላይ የንባብና የጽሕፈት ፈቃድ በራሱ አያጣራም። የሚለውጥ ትእዛዝ ሲመጣ ፋይሉ ለጽሕፈት መከፈቱን ድራይቨራችሁ ይፈትሽ፤ አደገኛ ከሆነ የአስተዳዳሪ ካፓቢሊቲም (ልዩ ፈቃድ) ይጠይቅ።