በክራንች የምትሄድ ጎበዝ ልጅ ያለችበት የልጆች ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ክራንች ይዤ ስላደግሁ እንዲህ ያሉ ረቂቆች «እስኪ እይልን» እየተባለ እጄ ይገባሉ። አብዛኞቹ የሚሰናከሉት ቋንቋ ላይ ሳይሆን ደረጃ ላይ ነው፤ የሲሚንቶ ደረጃ።

መጀመሪያ ጉዳቱን ቁርጥ አድርጋችሁ ወስኑ። «እግሯን የሚያማት ልጅ» አይበቃም። ፖሊዮ ጡንቻ ያሰልላል እንጂ ስሜት አያጠፋም፤ እግሯን ብትቆነጠጥ ያማታል። ክትባቱ ስለተስፋፋም ከዛሬ ልጅ ይልቅ ለአያቷ ዘመን ታሪክ ይስማማል። ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም እንቅስቃሴን የሚያውክ ጉዳት፣ መነሻው አንጎል ነው፤ አንደበቷ ቢኮላተፍ ሐሳቧ ይኮላተፋል ማለት ግን አይደለም። ተቆልምሞ የተወለደ እግር በጨቅላነት ከተጀመረ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ ብዙውን ጊዜ ይቃናል። ስለዚህ የአሥር ዓመቷ ልጅ እግር ሳይቃና ከቀረ ሕክምናው ለምን እንዳልደረሳት እናንተ ማወቅ አለባችሁ፣ ባትጽፉትም። ለምሳሌ ያህል መኪና ገጭቷት አንድ እግሯን ከጉልበት በታች ያጣች የአራተኛ ክፍል ተማሪ እንያዝ፤ ሰብለ እንበላት።

ቀጥሎ ጉብዝናዋ። «ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። ሰብለ ገበጣ ትጫወት፤ ጠጠሩን ሳታነሳ የትኛው ጉድጓድ ላይ እንደሚያልቅ ቆጥራ ትወቅ፣ የተሸነፈውንም ትሳለቅበት። ጉረኛ ትሁን። «እግዜር ከእግሯ የወሰደውን በጭንቅላቷ ካሳት» የሚለው ግን ከተራኪው አፍ እንዳይወጣ። የግድ ከሆነ ከንፈራቸውን የሚመጡ ጎረቤት፣ እትዬ እንትና፣ ይበሉት፤ እሷም ይሰልቻት። እግሯ ባይቆረጥም ገበጣ ላይ ያችው ጉረኛ በሆነች ነበር።

«አንካሳ» የሚለው ቃል ከአንድ ባለጌ ልጅ አፍ ሊወጣ ይችላል፤ ይባላልና። ተራኪው ግን በስሟ ይጥራት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። ከቤቷ እስከ ክፍሏ ያለውን መንገድ ወረቀት ላይ ሣሉ፤ ቦዩን፣ ደጃፉን፣ ሁሉንም። ከዚያ ክራንች ሁለት እጅ እንደሚይዝ አስታውሱ። ሰብለ እየሄደች ጃንጥላ አትይዝም፣ ሻይ አታቀብልም፣ የታናሽ ወንድሟን እጅ አትጨብጥም። ዳቦዋን የምትበላው ተቀምጣ ወይም ግድግዳ ተደግፋ ነው። ስንት ረቂቅ ላይ ልጅቷ በሁለት ክራንች እየተራመደች እጇን ስታውለበልብ አይቻለሁ! በክራንች የሚሄድ ልጅ እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ክራንቹ ይከተላል፤ ሲወረድ ክራንቹ ይቀድማል። ኮብልስቶን ላይ ጫፉ በድንጋዮቹ መሃል ይሰነቀራል። የጫፉ ጎማ ካለቀ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ያንሸራትታል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ይውጠዋል። ሽንት ቤቱስ? መቀመጫ የሌለው ጉድጓድ ከሆነ ትምህርት ቤት እንዳይመጣባት ጠዋት ውኃ የማትጠጣ ልጅ አለች ማለት ነው። ይህን አዋቂ ደራሲ ይረሳዋል፣ ልጅ አይረሳውም።

ካርታው ካለቀ ታሪኩ ራሱ ይመጣል። ችግሩ እግሯ ሳይሆን አራተኛ ክፍል ወደ ፎቅ መዛወሩ ይሁን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎችም የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ሰብለ ግን አዋጅ አትጥቀስ፤ የአሥር ዓመት ጠበቃ አሰልቺ ናት። ይልቅ እንደ ገበጣዋ ትቁጠር፦ የትኛው ክፍል ወደ ላይ ቢወጣ፣ የትኛው ቢወርድ ማንም ቦታ አያጣም? ርእሰ መምህሩ «እስኪ ይታያል» ብለው ይመልሷት። በማግስቱ እንደገና ትሂድ፤ ጉራዋም እዚህ ያስፈልጋታል።

መጨረሻው ላይ በጠበል አዲስ እግር አታብቅሉላት፤ ሌሎቹ ደግ ሆነው እንዲያለቅሱም አትግደሏት። ሰው ሠራሽ እግር ማግኘቷም መደምደሚያ አይሆንም፤ ልጅ ስታድግ ስለሚያንሳት መለወጥ አለበት።

አንዳንዶች ለአንድ ቀን ክራንች ተውሰው ይሞክራሉ። አልወደውም። የጀማሪን የእጅ ሕመም ይማሩበት ይሆናል፤ ክራንች ላይ ያደገች ልጅ ግን እየተወነጨፈች ጓደኞቿን ትቀድማለች፣ ይህ በአንድ ቀን አይገኝም። ይልቅ እንዲህ ለሚሄድ ልጅ ረቂቁን አንብቡለት፤ «እንዲህ አይደለም» ያለውን ሁሉ ሳትከራከሩ አርሙ።

ሠዓሊ ካላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ የክራንቹ አናት ከብብቷ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ዝቅ ይበል፣ ክብደቷም በመዳፏ ይያዝ። ብዙዎቹ ብብቷ ላይ አንጠልጥለው ይሥሏታል፤ እንዲያ የሚሄድ ሰው ነርቩ ተጭኖ እጁ ይደነዝዛል።