«እንደ ሃሪ ፖተር ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ ዋዛ ያለበትን ምናባዊ መጽሐፍ ስትጠቁሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ነው። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል፤ መብራት ጠፍቷል። እንደ ልማዳችን እኔ ቤት ተሰብስበን መጽሐፍ እንዋዋሳለን። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «አሊስ በድንቃ ድንቅ ምድር»ን ለአንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ እያቀበለ፣ «በጣም ቆንጆ ነው፤ እንደ ሃሪ ፖተር ነው» ሲላት ሰማሁ። ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት አልነበረብኝም። ልጅቱ በሳምንቱ መጽሐፉን በፌስታል እንደጠቀለለች ይዛው መጣችና፣ «ቲቸር፣ ትምህርት ቤቱ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ። ምስኪን፣ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ትምህርት ቤቱን ስትጠብቅ ከርማለች።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ እሷ ናት። ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ለሚሆናቸው ልጆች የተጻፉ፣ ዋዛ የሚበዛባቸው ምናባዊ ልብ ወለዶች ደግሞ እኔንም ከልጆቹ እኩል ያሞኙኛል። ዋዛ የምለው ደራሲው የማይሆነውን ነገር ፊቱን ኮስተር አድርጎ ሲያወራልን የሚያመልጠንን ሳቅ ነው። መጻሕፍቱን የምናነባቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ የምጠራቸውን አርእስቶች ወደ አማርኛ የመለስኳቸው እኔ ስለሆንኩ ትርጉሙ ካላማራችሁ እኔን ውቀሱ። ብዙዎቹ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጭነው፣ የዓባይን በረሃ ወርደውና ወጥተው ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ያለን አንድ አንድ ቅጂ ነው። ላልሆነ ሰው የተሰጠ መጽሐፍ የሚሆነው ሰው እጅ እስኪደርስ ወር ሁለት ወር ያልፋል።

እንግዲህ «እንደ ሃሪ ፖተር ነው» ወደሚለው ልመለስ፤ ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው። አንድ ሰው ቅንጬውንም፣ ተልባውንም፣ ጭኮውንም «እንደ ዶሮ ወጥ ነው፤ ቅመሰው» እያለ ቢያቀርብላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ዶሮ ወጥ የሚወደው እንግዳ ቅንጬውን አንድ ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል። ጥፋቱ የቅንጬው አይደለም። የሃሪ ፖተር የመጀመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1997፣ አሊስ ደግሞ በ1865 ነው የታተሙት፤ በመካከላቸው 132 ዓመት አለ። (ከዚህ በታችም የውጭዎቹን ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሃሪ ዓለም ትምህርት ቤት አለ፣ ደንብ አለ፣ ጠላቱ ይታወቃል፣ ጓደኛም አይጠፋም፤ አንባቢው የሚይዘው ምሰሶ አያጣም። አሊስ ውስጥ ምሰሶ የሚባል ነገር የለም። ሕልም ነው፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልስ አያገኝም፣ የማይጠይቅ ግን ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሁለቱን ያዛመዳቸው ልጆች የሚያነቧቸው መሆኑና ሁለቱም ውስጥ የማይሆን ነገር መሆኑ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ዝምድናማ ጣና እና የቤቴ ባልዲ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ውሃ ይይዛሉ።

አባባሉ ትንሽ የሚጠጋበት መጽሐፍ አለ፤ አልክድም። የአውስትራሊያዊቷ የጄሲካ ታውንሴንድ «ኔቨርሙር» በ2017 የወጣ ሲሆን፣ ልጅ አለችበት፣ ፈተና አለበት፣ ስውር ከተማ አለበት። ግን እሱንም ቢሆን በዚያ መንገድ አልጠቁመውም። ለዚያች የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያልኳት እንዲህ ነው፦ «በክፉ ቀን ተወልዳ ገደ ቢስ የተባለች ልጅ አለች። በከተማው ለሚደርሰው ጥፋት ሁሉ የምትወቀሰው እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት እንደምትሞትም ተነግሯታል።» ዓይኗ ሲፈጥ አየሁት። ገደ ቢስ ማለት ምን እንደሆነ ለጎጃም ልጅ ማብራራት አያስፈልግም። መጽሐፉን እጇ ላይ ከማስቀመጤ በፊት ነጠቀችኝ።

ሁለተኛው ስህተት የቃል ምርጫ ነው፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ። የኬሊ ባርንሂልን «ጨረቃን የጠጣችው ልጅ» ለአንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሰጠሁና፣ እናቱ ስለ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ስለ ጠንቋይ ነው» አላቸው። እንዲህ ብዬ የነገርኩት እኔ ነበርኩ። እናትየው በማግስቱ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ።

«መምህርት፣ ልጄን ጥንቆላ ሊያስተምሩብኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም እትዬ፤ ተረት ነው።»

«ጠንቋይ በተረት ውስጥ ብቻ ቢኖርማ በምን ዕድላችን!»

ምን ይመለሳል? የእንግሊዞቹ ቃል ሹል ባርኔጣና መጥረጊያ ያላትን የሥዕል አሮጊት ያስታውሳቸዋል። «ጠንቋይ» ስንል ግን እኛ የምናስታውሰው ከብት ሲታመም የሚታማውን ጎረቤት፣ ሰዎች በምሽት ተደብቀው የሚሄዱበትን በር፣ ቡዳ ተብሎ የተገለለውን ባለ እጅ ነው። ቃሉ እኛ ዘንድ ዋዛ የለውም፤ ሰው የተጎዳበት ነው። ደግነቱ መጽሐፉ ራሱ ስለዚህ ነው። የከተማዋ ሰዎች ዱር ውስጥ ክፉ አሮጊት አለች ብለው በየዓመቱ አንድ ሕፃን ይሰጧታል፤ አሮጊቷ ግን ሕፃናቱን እያነሣች፣ የከዋክብት ብርሃን እያጠጣች፣ ለሚያሳድጋቸው ቤተሰብ ታደርሳለች። ወሬውን ያጸኑት በወሬው የሚጠቀሙት ሽማግሌዎች ናቸው። (ምስጢሩን አላወጣሁም፤ ገና መጀመሪያው አካባቢ የሚነገር ነው።) ይህን ለእናትየው እንደዚህ ስነግራቸው ቁጭ ብለው ሰሙኝና፣ «በሐሰት ስሟ የጠፋ ሴት ታሪክ ነዋ! ታዲያ ለምን እንደዚያ አላልሽም?» አሉኝ። አንቺ ማለታቸው ደስ አሰኘኝ። መጽሐፉ በ2017 በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪን ሜዳሊያ አግኝቷል፤ የእሳቸውን ያህል አሳጥሮ የገለጸው ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ቀጭን መጽሐፍ ቀላል ነው ብሎ መስጠትም አለ። አሊስን ተማሪዎቼ የሚመርጧት ስለምታንስ ነው። ውስጧ ያሉት ግጥሞች ግን የዘመኑ የእንግሊዝ ልጆች በቃላቸው በሚያጠኗቸው ግጥሞች ላይ የተሠሩ ፌዞች ናቸው። መነሻውን የማያውቅ ሰው ፌዙን ያጣዋል፤ ታሪኩን ሳያውቅ ቅኔ እንደሚሰማ ሰው «እሰይ» ሲባል አብሮ «እሰይ» ይላል እንጂ የሳቀበት ነገር የለም።

ቅኔን ካነሣሁ አይቀር፣ በዚህ ነገር ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚመጡት አንዱ በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው የማታ ትምህርት እንግሊዝኛ ነው። የኖርተን ጀስተርን «ምትሃታዊው ኬላ» (1961) ለእሳቸው መስጠት አስቤ አላውቅም ነበር። ሁሉ ነገር የሰለቸው ልጅ ከቤቱ አንድ የመንገድ ኬላ ተልኮለት ያገኛል፤ ኬላውን ሲያልፍ ቃላት ቃል በቃል እውነት የሚሆኑበት አገር ይገባል። በእንግሊዝኛ የእጅ ሰዓትና ጥበቃ አንድ ቃል ናቸውና፣ የዚያ አገር ጥበቃ ውሻ ገላው ሰዓት ነው። እንደገናም እንግሊዞች ሳያጣራ ለሚደመድም ሰው «ወደ ድምዳሜ ዘለለ» ይሉታል፤ እዚያ ድምዳሜ ደሴት ነው፣ የሚደረስበትም በመዝለል ብቻ ነው። ከደሴቱ ለመውጣት ግን በዕውቀት ባሕር መዋኘት ግድ ነው። ይህን እንደ ቀልድ ሳወራ መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀና አሉ። «ይኸማ ኅብረ ቃል ነው» አሉ፤ «ሰዓቱ ሰም፣ ጥበቃው ወርቅ።» ከመዝገበ ቃላት ጋር ሁለት ወር ፈጀባቸው፤ ዛሬ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የእንግሊዝኛ ውጤታቸው ከሁሉ የሚበልጠው ሁለት ተማሪዎቼ ግን ያንኑ መጽሐፍ «ምንም አይደረግበትም» ብለው መልሰውልኛል። ስለዚህ ሰውየው ምን እንደሚያስቀው ሳትጠይቁ በቋንቋ ችሎታው ብቻ አትመዝኑት።

ሳያነቡ መጠቆም ስህተት መሆኑን ለእናንተ መንገር የለብኝም።

ሽፋኑን አይቶ መስጠትን ግን እነግራችኋለሁ፤ ለዚህኛው ይቅርታ የምጠይቅበት ልጅ ስላለ። የካትሪን ፓተርሰን «ወደ ተራቢቲያ የሚያሻግር ድልድይ» (1977) ስሙም፣ የአንዳንዱ እትም ሽፋንም ምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚያስገባ ይመስላል። እኔም ከዓመታት በፊት ግማሹን አንብቤ፣ ሁለት ልጆች በዱር ውስጥ የፈለሰፉትን መንግሥት ወድጄው፣ ኀዘን ላይ ለነበረ ለአንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ «ያጫውትህ» ብዬ ሰጠሁት። ምናባዊ ልብ ወለድ አይደለም። መንግሥቱ የልጆቹ ጨዋታ ነው፤ ከጨዋታው ውጭ ያለው ዓለም ደግሞ የእኛው ነው፣ እንደ እኛውም ይጎዳል። መጨረሻውን አልናገርም። ልጁ መጽሐፉን አጥፎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ምንም ሳይናገር ወጣ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ግን ያን ጠረጴዛ አልረሳውም። ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ አለ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን በቅድሚያ «ያስለቅሳል» እላለሁ። ዋዛ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ለስላሳ አይደለም፤ የኒል ጌይማን «ኮራላይን» ውስጥ በዓይኗ ፋንታ ቁልፍ የተሰፋላት እናት አለች፤ ከዚያ በኋላ የሹራቧን ቁልፎች በሙሉ ያስፈታች ልጅ አውቃለሁ።

ሌላው የሚያናድደኝ «የልጆች ነው፣ ግን…» ብሎ መጀመር ነው። ለማን ነው ይቅርታ የምትጠይቁት? የዳያና ዊን ጆንስን «የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ» (1986) ከሁሉ አብልጠው የወደዱት ሰፈራችን ልብስ የሚሰፉት እናት ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሶፊ የሦስት እህትማማቾች ታላቅ ናት፤ በተረት ሁልጊዜ የሚቀናው ለታናሽ ስለሆነ እኔ አይሳካልኝም ብላ ባርኔጣ እየሰፋች ተቀምጣለች። ከዚያ በእርግማን የዘጠና ዓመት አሮጊት ትሆናለች፣ ካረጀች በኋላ ደግሞ ማንንም አትፈራም፤ ያሰበችውን ሁሉ ፊት ለፊት ትናገራለች። ጎረቤቴ በየምዕራፉ የሚሆነውን በቃል እያስተረጎሙኝ ሲጨርሱ፣ «እኔም እርግማኑ ደርሶኛል፤ ድፍረቱ ነው የቀረኝ» አሉ። ይህን መጽሐፍ «ፊልሙን አይቻለሁ» ብላችሁ አትጠቁሙት፤ በ2004 የወጣው የጃፓኑ ፊልም ውብ ነው፣ ነገር ግን ሌላ ነገር ነው። መጽሐፉ ውስጥ ግንቡ ካሉት የበር መውጫዎች አንዱ ወደ እኛው ዓለም፣ ወደ ዌልስ ይወጣል፤ ፊልሙ ላይ ያን አታገኙትም።

ተከታታይ መጽሐፍ ከሆነ ስንተኛው እጃችሁ ላይ እንዳለ ተናገሩ። የሲ. ኤስ. ሉዊስ የናርንያ ሰባት መጻሕፍት ዛሬ በሚሰጣቸው ተራ ቁጥር፣ አንደኛ ተብሎ የሚመጣው በ1955 የታተመው ስድስተኛው ነው። እኔን ከሰማችሁ መጀመሪያ በወጣው በ1950ው፣ ልጆቹ ናርንያ በሚገቡበት ቁም ሣጥን በኩል ግቡ።

ምስጢር ማውጣትን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። እንቆቅልህ የሚል ሰው «ምን አውቅልህ» ሳይባል መልሱን ከተናገረ አገር የሚሰጠው ማን ነው?

በመጨረሻ የምጨምረው ከመጽሐፉ በፊት የነበረውን መርሳት ነው። አንዳንዱ ጠቋሚ እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ ኖሮ እንደማያውቅ አድርጎ ያወራል። ሐዲስ አለማየሁ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ተወልደው፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው አሥር ዓመት በፊት፣ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል። ረጅሙን ልብ ወለድ ያላነበበ እንኳ ስሙን ያውቃል፤ የተረቱን መጽሐፍ የሚጠቁም ግን እምብዛም አላይም። የግሬስ ሊንን «ተራራው ከጨረቃ የሚገናኝበት» (2009) ለልጆች ስሰጥ የምነሣው ከዚያ ነው። ድሃ ገበሬ አባት ማታ ማታ ለልጁ ተረት ያወራል፤ እናትየው በተረት ሆድ አይሞላም እያለች ትነጫነጫለች፤ ልጅቱ ሚንሊ የቤተሰቧን ዕድል ልትለውጥ መንገድ ትጀምራለች፤ በየመንገዱም ተረት በተረት ውስጥ ይነገራል። አገሩ የጥንት ቻይና ነው። ለእኛ ልጅ «ተረት ተረት» ስትሉት «የላም በረት» ብሎ ራሱ ይገባበታል። የሚያደናቅፈው አንድ ነገር ዘንዶው ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር ሲወጋ እያየው ያደገው ዘንዶ እዚህ የልጅቱ ጓደኛ ሆኖ ይመጣል፤ ይህን አስቀድሞ መንገር ይሻላል።

እንዴት እንደሚነገር ደግሞ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ አሳይቶኛል። የተዋሰ ሰው ለቀጣዩ አንባቢ አንዲት መስመር የሚጽፍበት ደብተር አለን፤ እሱ ስለዚህ መጽሐፍ የጻፈው እንዲህ ነው፦ «ዘንዶ አለበት። አትፍሩ፣ መብረር እንኳ አይችልም።» ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ቤቴ አድሮ አያውቅም።