በትንሽ ሲኤንሲ ማሽን ካም ለመቁረጥ የሚያስፈልገውን ኮድ ከቀመር ማውጣት

ካም የሚሽከረከር ዘንግ አንድን ገፊ በተወሰነ ሰዓት እንዲያነሳ፣ እንዲያቆይና እንዲመልስ የሚያደርግ፣ ጠርዙ በስሌት የሚወሰን ሳህን ነው። ቅርጹን በስዕል ፕሮግራም ላይ በዓይን ግምት መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ለዓይን ለስላሳ የሚመስል መስመር ውስጥ ፍጥነቱ በድንገት የሚዘልበት ቦታ ስለሚኖር፣ እንዲህ ያለው ካም ገፊውን በየዙሩ ያንገጫግጨዋል። ስለዚህ ስዕሉን ትቶ፣ ሲኤንሲ ማሽኑን (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) የሚያዝዘውን ኮድ ከእንቅስቃሴው ቀመር በቀጥታ ማውጣት የተሻለ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምሳሌ የመነሻ ክቡ (ገፊው ዝቅ ብሎ የሚያርፍበት የካሙ ጠርዝ) ሬዲየስ 20 ሚሊሜትር፣ ገፊውን የሚያነሳበት ከፍታ 8 ሚሊሜትር የሆነ ካም እንውሰድ። ገፊው ከ0 እስከ 120 ዲግሪ ይነሳል፤ እስከ 180 ድረስ ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ እስከ 270 ይወርዳል፤ በቀሪው 90 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ያርፋል። ለመነሳቱም ሆነ ለመውረዱ ሳይክሎይዳል የሚባለውን ቀመር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በሁለቱም ጫፎች ፍጥነቱም ፍጥንጥነቱም ዜሮ ስለሚሆን ገፊው ከእረፍት ወደ ጉዞ የሚሸጋገረው ሳይንገጫገጭ ነው። ካሙ ከክፍሉ መጀመሪያ አንስቶ የዞረውን ማዕዘን ለክፍሉ ጠቅላላ ማዕዘን አካፍለን የምናገኘውን ቁጥር «ተ» ብንለው፣ ከፍታው የሚከተለው ነው፦

ከፍታ = 8 × (ተ − ሳይን(2 × ፓይ × ተ) ÷ (2 × ፓይ))

በ30 ዲግሪ ላይ «ተ» 0.25 ስለሆነ ከፍታው 0.727 ሚሊሜትር፣ በ60 ዲግሪ ላይ ደግሞ ልክ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። በሚወርድበት ክፍል ያንኑ ቀመር አስልቶ ውጤቱን ከ8 መቀነስ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው የመቁረጫውን ውፍረት በማካካስ ላይ ነው። አርዱይኖ በተባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሚሠራው ግርብል፣ ማለትም ብዙ ትንንሽ ማሽኖች የሚጠቀሙበት የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም፣ ይህን ማካካሻ የሚያዝዙትን ጂ41ንና ጂ42ን ስለማይቀበል ማካካሻውን ራሳችን ማስላት ይኖርብናል። ይሁን እንጂ ስሌቱን ከነጭራሹ የሚያስቀር ዘዴ አለ፤ ይኸውም የመቁረጫውን ዲያሜትር በገፊው ጫፍ ላይ ሆኖ በካሙ ጠርዝ ላይ ከሚንከባለለው ኩሽኔታ የውጭ ዲያሜትር ጋር እኩል ማድረግ ነው። ኩሽኔታው 6 ሚሊሜትር ከሆነና በ6 ሚሊሜትር መቁረጫ ከቆረጥን፣ የመቁረጫው ማዕከል የሚሄድበት መንገድ የኩሽኔታው ማዕከል ከሚሄድበት መንገድ ጋር አንድ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የመንገዱ ሬዲየስ 20 ሲደመር 3 ሲደመር ከፍታው ብቻ ነው፤ በ60 ዲግሪ ላይ 27 ሚሊሜትር ማለት ነው። ይህን በማዕዘኑ ኮሳይን ስናባዛ ኤክስ 13.500፣ በሳይኑ ስናባዛ ደግሞ ዋይ 23.383 ይሆናል።

ይህንን በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ በአንድ ዲግሪ እርምጃ 360 ጊዜ ማስደገም የጥቂት መስመሮች ሥራ ነው። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቀጥታ መስመሩ ከኩርባው የሚርቀው በአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቦቹን አሥር እጥፍ ማብዛት ፋይሉን ከማሳበጥ በቀር ጥቅም የለውም። የፓይተን ሳይንና ኮሳይን ማዕዘንን በራዲያን እንደሚቀበሉ አይዘንጋ። ቁጥሮቹም ከነጥቡ በኋላ በሦስት አኃዝ ተወስነው መታተም አለባቸው፤ በ180 ዲግሪ ላይ ዋይ ዜሮ መሆን ሲገባው ፓይተን እጅግ ጥቃቅን ቁጥር ያገኝና መሐሉ ላይ «ኢ» የሚል ፊደል አስገብቶ ሊጽፈው ይችላል፤ ግርብል ይህንን አጻጻፍ አያውቀውም። የእኔ የመጀመሪያ ካም ግማሹ ተቆርጦ የቆመው በዚሁ ነጥብ ላይ ነበር።

የፋይሉ መጀመሪያ አጭር ነው። ጂ21 ሚሊሜትርን፣ ጂ90 ከዜሮ ነጥብ የሚቆጠር ልኬትን፣ ኤም3 የመቁረጫውን መሽከርከር ያዝዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ነጥብ በነጥብ የተደረደረ ጂ1፣ ማለትም በቀጥታ መስመር ወደ ቀጣዩ ነጥብ የመሄድ ትእዛዝ ነው። በፋይሉ ውስጥ እነዚህ ፊደላት በላቲን እንደሚጻፉ ግልጽ ነው። መቁረጫው፣ ገፊው መነሳት በሚጀምርበት በ0 ዲግሪ ላይ ሳይሆን፣ በዝቅተኛው እረፍት መካከል፣ በ315 ዲግሪ ላይ ገብቶ ዙሩን እዚያው እንዲጨርስ አደርጋለሁ፤ የመግቢያው ጠባሳ የሚያርፈው ገፊው በማይንቀሳቀስበት ቦታ ላይ ይሆናልና። ወደ ጥልቀት የሚወርደውም ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ በ28 ሚሊሜትር ሬዲየስ ላይ ሆኖ ነው።

የማዕዘኑ አቅጣጫ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካሙ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ ማዕዘኖቹ በተቃራኒው አቅጣጫ መደርደር አለባቸው። ይህ ከተዛባ ካሙ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይወጣል፤ በእኛም ምሳሌ በ120 ዲግሪ ዙር ውስጥ ቀስ ብሎ መነሳት የነበረበት ገፊ በ90 ዲግሪ ዙር ውስጥ ይነሳል። ማሽኑን ከማስነሳት በፊት ቅርጹን በወረቀት አትሞ፣ ቆርጦና በመርፌ ወግቶ በእጅ ማዞር ስህተቱን ወዲያው ያሳያል።

80 በ80 ሚሊሜትር የሆነውን ሳህን አራቱን ጠርዞች ካሰርን በኋላ፣ ሳናነሳው፣ በመጀመሪያ የዘንጉን ቀዳዳ እንበሳለን፤ የቀዳዳው ማዕከል የኤክስና የዋይ ዜሮ ነው። በ12 ሚሊሜትር ርቀት፣ በ0 ዲግሪ ላይ ሁለተኛ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ እንጨምራለን። በሁለቱም ቀዳዳዎች ብሎን ከታሰረ ካሙ ከዙሪያው ሲለያይ አይሽከረከርም፤ ሁለተኛው ቀዳዳ በኋላም የመነሻ ማዕዘኑ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። የብሎኖቹ ራስ ከመቁረጫው መንገድ ውጭ መሆኑን ለማረጋገጥ መቁረጫውን ከሳህኑ በላይ አንስቶ ሙሉውን ዙር በባዶ ማስኬድ ይገባል።

አሉሚኒየም ከሆነ በአንድ ዙር ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ እየወረድኩ እቆርጣለሁ። ለሻካራው ዙር ሬዲየሱ ላይ 0.3 እጨምራለሁ፤ በመጨረሻው ዙር ጭማሪውን አነሳለሁ፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የሚለወጠው አንድ ቁጥር ነው።

ካሙ ከዙሪያው ከተለየ በኋላ፣ ብሎኖቹ ሳይፈቱ፣ 135 ዲግሪንና 315 ዲግሪን በሚያገናኘው መስመር ላይ በካሊፐር ይለካ። ሁለቱም እረፍቶች ስለሆኑ ልኩ 28 ሲደመር 20፣ ማለትም 48.00 ሚሊሜትር መሆን አለበት። 48.10 ከተነበበና ማሽኑ ልቅነት ከሌለው፣ መቁረጫው በእውነቱ 5.9 ሚሊሜትር ነው፤ ከሬዲየሱ ላይ 0.05 ቀንሶ፣ ሳህኑ ከቦታው ሳይነሳ፣ የመጨረሻውን ዙር ብቻ መድገም ነው።