የወንዝ ሥራችሁን ለጎረቤት ቀበሌ ስታሳዩ

የምኖረው ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ ነው። የወንዝ ሥራ፣ ማለትም ዳሩንና ቦረቦሩን ከጎርፍ የማዳን ልምድ ልታካፍሉ ካሰባችሁ አዳራሽ አትከራዩ። ገንዘቡ ለአበልና ለሻይ ያልቃል፣ የሚማር የለም። እንግዶቹን ጥቅምት ላይ ጥሩና ቦረቦሩን በእግር አስወርዷቸው። ጎርፉ ሐምሌና ነሐሴ ያደረገውን ያኔ በዓይናቸው ያያሉ።

ከላይ፣ ከተራራው እርከን ጀምሩ። ውሃው እዚያ ካልተያዘ ታች የተደረደረው ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) ብዙ አይቆይም። ቀጥሎ የተናደውን ክትር (ቦረቦሩን አቋርጦ የተሠራውን ትንሽ ግድብ) አሳዩ፤ አፍራችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ የሚናደው መሃሉ ከዳርና ዳሩ ዝቅ ስላላለ፣ ወይም ጫፎቹ የቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ጠልቀው ስላልገቡ ነው። ውሃው በጎን ዞሮ አፈሩን ይሸረሽረዋል። እንግዳው ቀዳዳው ውስጥ እጁን ያስገባና ይየው።

ዳሩ ላይ ስለተተከለው አኻያና የዝሆን ሳር ባለከብቶቹ ራሳቸው ያስረዱ፦ ሳሩ ታጭዶ ይወሰዳል፣ ከብት አይገባም። ይህን ኤክስፐርት ሲናገረው ሰው ያዛጋል። ከብቱ የገባበት ስንት እንደሚቀጣም የቅሬው (የመንደሩ እድር) ሽማግሌ ይናገሩ። ወሎ ውስጥ ቅሬ ያልያዘው ሥራ አይጸናም፣ እንደኔ።

ስልክ ያለው ፎቶ ያንሳ፤ ከክረምት በፊትም በኋላም ግን ያው አንድ ድንጋይ ላይ ቆሞ። አለዚያ ማወዳደር አይቻልም።