ከሰርቪስ ማግስት ዘይት ማንጠባጠብ የጀመረችው ቪትዜ

ቪትዜን ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ጋራዥ ሰርቪስ አስገባኋት። ዘይትና ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) መቀየር ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። በማግስቱ ጠዋት ከሥሯ ሳህን የሚያክል ጥቁር ዘይት ተኝቷል። ስመልሳት የሠራት ልጅ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ሲቀየር የፈሰሰ ነው፣ ይደርቃል» አለኝ። የሞተር ዘይት ደግሞ መቼ ነው የሚደርቀው? አለቃው ጭራሽ «ሞተር መውረድ አለበት» ብሎ ዋጋ ጠራልኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ከሥር ገብተው በጨርቅ ጠረጉና «ሞተሩን አስነሳልኝ» አሉ። ዘይቱ የሚመጣው ከፊልትሮው ዙሪያ ነው። ፈቱት። አዲሱ ፊልትሮ የራሱን ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳያፈስ አፉ ላይ የሚቀመጠውን የላስቲክ ቀለበት፣ ይዞ ወጣ። የድሮው ጎሚኒ ግን ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ተጠፍጥፎና ደርቆ። ሁለቱ ሲደራረቡ የዘይቱን ግፊት አይችሉም። «መንገድ ላይ ጠቅላላ ቢፈስ ኖሮ ልጄ፣ ሞተሩ አልቆለት ነበር» አሉኝ።

የድሮውን በጥፍራቸው ልጠው አነሱት። መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉ። የአዲሱ ጎሚኒ አልተጎዳም ነበርና ዘይት ቀብተው ያንኑ መልሰው ገጠሙት፤ በእጅ ብቻ፣ ጎሚኒው ከነካ በኋላ 3/4 ዙር ያህል። «ፊልትሮ በመፍቻ ታግሎ የሚያጠብቅ ካየህ መኪናህን ይዘህ ሂድ» አሉ እየሳቁ። የጎደለውን ዘይት ሞልተን ሞተሩን አስነሳን። ጠብ የሚል ዘይት የለም።

ሰርቪስ ስታስደርጉ የወጣውን ፊልትሮ አሳዩኝ በሉ። አፉ ላይ ጎሚኒ ከሌለ ሞተራችሁ ላይ ፈልጉት።